ጉግስና የወሎ ፈረሰኛ፦ ከባልንጀራ ስለሚገኝ የጦር ትምህርት

የሀገራችን የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የነገሥታቱ ስም፣ የሠራዊቱ ብዛት፣ የጠመንጃው ዐይነትና የድሉ ቀን ነው። ወታደሩ ወደ ጦር ሜዳ ከመውረዱ በፊት መዋጋትን ከማን፣ የትና እንዴት ተማረው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ቅኔ የሚማር ሰው ቅኔ ቤት አለው፤ መምህሩም በስም ይታወቃል፤ የዜማውና የመጽሐፉ ትምህርትም እንደዚሁ ነው። እየጋለበ መወርወርን፣ እየሸሸ መመከትን፣ ፈረሱን አዙሮ መመለስን የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ ግን ትምህርት ቤትም የተሾመ መምህርም አልነበረውም። ያስተማሩት አብሮ አደጎቹ ናቸው፤ የትምህርቱም ስም ጉግስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጉግስን የምንመለከተው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ቆመን ነው፤ ይኸውም መካነ ሰላም ከተማ የምትገኝበት ቦረና፣ በስተ ሰሜኑ ያለው አማራ ሳይንት፣ በስተ ምሥራቁ ያለው ለጋምቦ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ የተዘረጋው አገር ነው። ይህን ደጋ በምዕራብ የዐባይ፣ በሰሜን የበሽሎ ሸለቆ ይከብቡታል። ከሸለቆዎቹ አፋፍ በላይ ግን ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱም ብርቱ ነው፤ ገብስና ፈረስ የሚስማማቸው አገር ነው። ፈረስ የቆላን በሽታ ስለማይችል፣ ፈረሰኛ ሕዝብ የሚበዛው እንዲህ ባለ ደጋ ላይ ነው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ስለሆነ፣ የጦር ትምህርትን ነገር ከእርሷ መጀመራችን አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን ጉግስ ራሱ በሰላም ቀን የሚጫወቱት ጨዋታ ነውና ስሙና ነገሩ እምብዛም አይጣሉም።

ጉግስን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ በግራ እጁ ልጓሙንና ከቆዳ የተሠራውን ጋሻውን፣ በቀኝ እጁ ደግሞ ጫፉ ያልሾለ ቀላል ዘንግ ይይዛል። ከአንደኛው ወገን ጥቂቶች ወጥተው ተቃራኒዎቻቸውን በፉከራ ይጠሩና ፈረሳቸውን መልሰው ይሸሻሉ፤ የተጠሩትም ያባርሯቸዋል። አባራሪው በሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ወደ ኋላው ተገላምጦ በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ዘንጉን ያሳልፈዋል። ሸሺው ከወገኖቹ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ አባርሮ የመጣው ይሸሻል፣ የሸሸው ያባርራል። በቱርኮች አገር ጅሪት የሚባለው ጨዋታ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ እዚያም ፈረሰኞች በሁለት ወገን ሆነው የእንጨት ዘንግ ይወራወራሉ። ሆኖም መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም። ፈረስና ጦር ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢፈጠር አያስደንቅም ብለን እናልፈዋለን።

ጉግስን አጥብቆ ለተመለከተ ሰው የአንድ ሙያ ልጅ አለመሆኑ ይታየዋል። ግልቢያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጭነት ጭኖ ገበያ የሚሄድ ሰውም ሊያውቀው ይችላል። ጦር መወርወርና በጋሻ መመከትም የእግረኛ ሙያዎች ናቸው። ጉግስ እነዚህን ሁሉ አዋሕዶ በአንድ ሰው አካል ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሚሮጥ ፈረስ ጀርባ ላይ እንዲገኙ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ የሙያዎቹ ውሕደት የሕዝቦች ውሕደት ታሪክ አለበት።

ይህ አገር በመካከለኛው ዘመን ቤተ አማራ ይባል ነበር። ከነገሥታቱ ታላላቅ አድባራት መካከል መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም በቤተ አማራ ነበሩ፤ ሁለቱም በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ትውልዶች የኦሮሞ ነገዶች ወደዚህ ደጋ ወጥተው ሰፈሩበት። አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ በግዕዝ በጻፉት ዜና ውስጥ ለጉዳያችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር እናገኛለን። ይኸውም ከ1546 እስከ 1554 ዓ.ም. ገደማ ሥልጣን ላይ ከነበረው ከመስሌ ሉባ በፊት ኦሮሞዎች በፈረስና በበቅሎ ላይ የመቀመጥ ልማድ አልነበራቸውም፤ በእርሱ ዘመን ጀመሩት የሚለው ነው። እንግዲህ በኋላ ዘመን በፈረሰኛነቱ ስሙ በአገሩ ሁሉ የገነነው ወገን ፈረስን የያዘው ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ፣ በዚያ በብርቱው የጦርነት ዘመን መካከል ነው ማለት ነው። ማንም ትምህርት ቤት አልከፈተለትም። አይቶ፣ ሞክሮ፣ ወድቆና ተነሥቶ ተማረው።

የተማረውም ወገን ብዙ ሳይቆይ አስተማሪ ሆነ። የወሎ፣ የሸዋም ሆነ የጎጃም አማርኛ ተናጋሪ ፈረሱን በመልኩ ጉራቻ ብሎ ሲጠራ የሚናገረው የኦሮምኛን ቃል ነው፤ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነውና። ዳማና ቦራ የሚባሉትም የፈረስ መልኮች በሁለቱም ቋንቋ ይነገራሉ። ታላላቅ ሰዎች አባ የሚል ቃል እየታከለበት በፈረሳቸው ስም መጠራታቸውም የዚሁ መቀላቀል ፍሬ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህ ልማድ እንዳይረሳ ብለው በ1961 ዓ.ም. ስለ ፈረስ ስም ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል፤ የፈረስ ስም የቀልድ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ያን ጥናት ቢመለከት ይጠቀማል። የአገሩ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በለጋምቦና በለጋ ሂዳ ስም ውስጥ ወንዝ የሚል የኦሮምኛ ቃል አለ፤ በወረኢሉና በወረሂመኑም የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን የሚል። በእነዚሁ ጎን ደግሞ ደብረ ሲናና መካነ ሰላም በግዕዝ ስማቸው ተቀምጠዋል። ፈረሰኛው በጥቂት ቀን ጉዞ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቋንቋ ያልፋል፤ ፈረሱ ግን አንድ ነው፣ ጉግሱም አንድ ነው።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ትምህርቱ የሚጀመረው ፈረስ በሌለበት ነው። እረኛ ልጅ ከብቱን በመስክ አሰማርቶ ከጓደኞቹ ጋር ሲውል ዱላውን ዒላማ እያደረገ ይወረውራል፤ ማን አራቀ፣ ማን መታ እየተባባሉ ይፎካከራሉ። ዱላ ለዱላ ሲገጥሙ መመከትን ይለምዳል። ሲታገሉ ደግሞ መውደቅን ይማራል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይምሰለን። በፈረስ ላይ የሚጫወት ሰው ውሎ አድሮ መውደቁ አይቀርም፤ በሣር ላይ ከባልንጀራው ጋር ሲታገል መውደቅን ያልተማረ ሰው በጉግስ ሜዳ ይማረዋል፤ የዚያ ትምህርት ዋጋ ግን አጥንት ነው። ገና ለገና በዓል የሚጫወቱት የገና ጨዋታም እየሮጡ መምታትን፣ ከግርግር መካከል ዐይንን ከአንድ ነገር ላይ አለመንቀልን ያስተምራል።

ቀጥሎ ፈረሱ ይመጣል። ልጁ ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ሲወስድ ያለ ኮርቻ ይቀመጥበታል፤ ጋማውን ይዞ በጉልበቱ ማጥበቅን ይማራል። አባቱ ቢያይ ይቆጣዋል፤ ፈረስ የቤቱ ሀብት ነውና ውሃ ሊጠጣ የሄደው ፈረስ አልቦት ሲመለስ ደስ የሚለው አባት የለም። ልጆቹ ግን ወንዝ ዳር ተገናኝተው ይሽቀዳደማሉ። በኋላ ኮርቻና እርካብ ሲያገኝ ከቀድሞው የተማረው አይጠፋበትም። የድሮው የሀገራችን እርካብ እንደ ፈረንጆቹ እግርን በሙሉ የሚያስገባ አልነበረም፤ ባዶ እግሩን የሆነው ፈረሰኛ በአውራ ጣቱና በአጠገቡ ባለው ጣት ብቻ የሚይዘው ትንሽ ቀለበት ነበር። ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ይህን እያዩ ይደነቁ ነበር። ፈረሰኛው በእርካብ ላይ ከመቆም ይልቅ በጭኑና በጉልበቱ መጽናት ነበረበት፤ ቢወድቅም እግሩ ቶሎ ስለሚለቅ አይጎተትም። ያለ ኮርቻ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ለእንዲህ ያለው እርካብ የተዘጋጀ ነው።

ዘንጉ የሚያዘው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን ሁለት ልጆች፣ ሁለት ፈረሶችና አንድ መስክ ካሉ ትምህርት አለ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይወረውራል። የሚሸሸው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት ወደ ኋላ መመልከትን ነው፤ ፈረሱ ወደ ፊት እየበረረ የሰውየው ዐይን ግን ከኋላው ካለው ከባልንጀራው ትከሻ ላይ መሆን አለበት። ዘንጉ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ትከሻ ይናገራልና። አባራሪውም በፊናው የሁለት ፈረሶችን ሩጫ አስቦ ዘንጉን ሰውየው አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ስፍራ መጣል ይማራል። ይህን በቃል ማስረዳት እኛ አሁን እንደምናደርገው ቀላል ነው፤ ክንድ የሚገባው ግን መቶ ጊዜ ከሳተ በኋላ ነው። ለዚህም መቶ ጊዜ ሲስት አብሮት የሚሆን፣ የሚስቅበት፣ ወርዶ ዘንጉን የሚያነሣለት ሰው ያስፈልገዋል።

ባልንጀራ የሚለው ቃል ባለ እንጀራ ከማለት የመጣ ነው ይባላል፤ እንጀራ አብሮ የሚበላ ሰው ማለት ነው። ጉግስን ከሌላ የጦር ልምምድ የሚለየው ይህ ይመስለናል። አሁን የምታባርረው ሰው ጥቂት ቆይቶ ያባርርሃል፤ ማታም ከአንድ መሶብ ትበላላችሁ። ስለዚህ ምቱ ልክ ይኖረዋል። የሚወረወረው ዘንግ ብርቱ ቢሆንም ጋሻ የሚፈልግ እንጂ ዐይን የሚፈልግ አይደለም። በዚህ ላይ ቁጣን መቆጣጠር፣ ተመትቶ መሳቅ፣ መትቶ አለመታበይ አብረው ይመጣሉ። በወሎ ደግሞ ባልንጀሮቹ ብዙ ጊዜ ክርስቲያንና እስላም ናቸው፤ በአንድ መስክ አብረው ያደጉ ልጆች በሠርግና በዓመት በዓል ቀንም በአንድ ሜዳ ይገኛሉ።

እንዲህ ያለው ትምህርት ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ከባልንጀራ የሚማር ሰው የባልንጀራውን ስሕተት አብሮ ይማራል። ጉግስ ግሩም ፈረሰኛ ያወጣል፤ ነገር ግን መቶ ፈረሰኞች በአንድ ቃል እንዲቆሙ፣ በአንድ ቃል እንዲዞሩ፣ ትእዛዝ እስኪመጣ በትዕግሥት እንዲጠብቁ አያስተምርም። እያንዳንዱ ለስሙ ይጋልባል። ከዚህም የሚከፋው ሌላ ነገር አለ። የጉግስ ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው የሚመጣውን ነገር በማየት ላይ ነው፤ ዘንግ ሲመጣ ይታያል፣ ጦርም ይታያል፣ ጥይት ግን አይታይም።

ይህ ነገር መጀመሪያ የተገለጠው ከዚሁ ደጋ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ አዝማችነት በእንግሊዝ ጦር ላይ ወረደ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን ግን የቆሰሉት ከጥቂት ሰዎች አይበልጡም። ከ3 ቀን በኋላ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን ሠዉ።

ከ28 ዓመት በኋላ ግን የወሎ ፈረሰኛ ክብሩን አሳየ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ከመቱት መካከል ነበሩ፤ ዳቦርሚዳም በዚያው ቀን ወደቀ። የዚያን ዕለት ውጊያ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ጦሩ ተሰልፎ ቆሞ ሲተኩስ ፈረሰኛ ብዙ ሊያደርግ አይችልም፤ ሰልፉ ተፈትቶ ማፈግፈግ ሲጀምር ግን ሜዳው ወደ ጉግስ ሜዳ ይለወጣል፤ የሚሸሽና የሚያባርር ይሆናል። በዚያ ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሸሺን እየቀደመ መወርወርን የተማረ ክንድ ዋጋ አለው። የዐድዋን ድል ለፈረሰኛ ብቻ የምንሰጥ አይደለንም፤ መድፉም፣ ጠመንጃውም፣ የአገሩ ሰው መንገድ ማወቁም አለ። ነገር ግን በወንዝ ዳር የተጀመረው የልጆች ሽቅድድም በዚያ ቀን ድርሻ እንደነበረው እናምናለን።

ሰገሌ ላይ የሆነው ደግሞ መራራ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ ላይ ተገጠሙ። መትረየስና መድፍ በነበረበት በዚያ ሜዳ የወሎ ጦር ከሁለቱም ወገን ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ተሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በዚያን ጊዜ አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲገር ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበር። የድሉ ሰልፍ ሲያልፍ፣ ንጉሡም በሰንሰለት ታስረው ሲሄዱ አየ፤ በሸመገለ ጊዜም የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ያንን ቀን ሳይረሳ ተረከው። በሰልፉ ላይ ያለፉት ፈረሰኞች የአንበሳ ጎፈር ያጠለቁ፣ ያጌጠ ጋሻ የያዙ ነበሩ። ያሸነፉትም የተሸነፉትም ያደጉት በአንድ ዐይነት ጨዋታ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንችም ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ ደግሞ አውሮፕላን ከላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የጦር ትምህርትን በሥርዐት ለመስጠት ወሰነ፤ በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኢትዮጵያ መዋጋት ሰዓትና ደብተር ያለው ትምህርት የሆነው እንዲህ ነው። ብዙ ሳይቆይም ጠላት ገባ፤ የሆለታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ ውጊያ ሄዱ። ቀጥሎ በነበሩት 5 ዓመታት በየጫካው የገባው አርበኛ ጠመንጃ መፍታትና መግጠምን፣ ማድፈጥንና ማፈግፈግን የተማረው እንደገና ከባልንጀራው ነው።

ዛሬ ጉግስ የጦር ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የበዓል ጌጥ ሆኗል። ከዐባይ ማዶ በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሰኞቹም ስለ ዐድዋና ስለ አርበኞች ዘመን ፈረሶች ያስባሉ። ማኅበር መኖሩ መልካም ነው። ለተመልካች የሚቀርብ ትርኢትና በመስክ የሚገኝ ትምህርት ግን አንድ አይደሉም። ትርኢት በዓመት አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ትምህርቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሁለት ልጆችና ሁለት ፈረሶች ይፈልጋል። በደጋው ልጁ በትምህርት ቤት ይውላል፤ ይህም ሊሆን የሚገባው ነው፤ ማንም ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ እረኝነት ይመልስ አንልም። ፈረሱም ከጉግስ ሜዳ ይልቅ በጭነት ሥር ይታያል።

የዘመናችን የከተማ ወጣቶች ከካራቴው፣ ከቴኳንዶውና ከቦክሱ የሚስማማቸውን እየቀላቀሉ፣ በግቢ ውስጥ ወይም በሜዳ ዳር ከጓደኞቻቸው ጋር ሲለማመዱ ይታያሉ። መምህር የላቸውም ብሎ የሚንቃቸው አለ። ከባዕድ አገር የመጣ ነው ብሎ የሚነቅፍም አለ። እኛ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የምናየው አሮጌውን የወንዝ ዳር ልማድ ነው፤ ከየሙያው የተቀዳ ጥበብ፣ ተራ በተራ አባራሪና ሸሺ መሆን፣ ሲስቱ መሳቅ። የድሮው ጉድለትም አብሮ አለ፤ የአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው ይሄዳል፣ የሚያርመውም አይገኝም። የስፖርት መምህራን ወደ እነዚህ ግቢዎች ጎራ ቢሉ የሚያስተምሩት ብቻ ሳይሆን የሚማሩትም ያገኛሉ።

በመካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቷል፤ በየወረዳውም ታሪክና ቋንቋ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። የፈረስ መልክ ስሞች፣ የኮርቻው ዕቃ ሁሉ ስም፣ የአወራወሩ ዐይነት፣ በጉግስ ሜዳ ላይ ነውር የሆነውና ያልሆነው ነገር፣ የታወቁ ፈረሶች ስምና የባለቤቶቻቸው ስም በጽሑፍ መሰብሰብ አለበት፤ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ለዚህ የሚነሣ ተማሪ ሽማግሌውን ስንት ጊዜ አሸነፉ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ከእነማን ጋር አብረው ተማሩ ብሎ ቢጀምር ብዙ ይሰማል። ቦታውም ገበያ ነው። ሽማግሌው ገብሱን በፈረስ ጭኖ ከደጋው ይመጣል፤ ጭነቱን አራግፎ፣ ፈረሱን አስሮ፣ ቡናውን እስኪጠጣ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል።